የሞተው ዲስኩ ነው፤ ማጫወቻው አልሞተም

«ቆራሌ!» የሚለው ጥሪ በወሰን የውስጥ ለውስጥ መንገዶች ሲሰማ ከየግቢው የሚወጣው ባዶ ጠርሙስ፣ የተቀደደ ጫማና የዛገ ቆርቆሮ ብቻ አይደለም። አልፎ አልፎ ከመሳቢያ ሥር ለዓመታት ተረስቶ የኖረ የሙዚቃ ማጫወቻም አብሮ ይወጣል። በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከአሜሪካ ወይም ከአረብ አገር የመጣ ዘመድ በስጦታ ያበረከተው አይፖድ፣ በዘመኑ የቤቱ ኩራት የነበረው ዕቃ፣ ዛሬ ሲከፈት «ቀጭ፣ ቀጭ» ከማለት በስተቀር አንድ ዘፈን አያሰማም። ባለቤቱ «ሞቷል» ብሎ ይሰጠዋል። ቆራሌውም የብረቱን ክብደት ገምቶ ዋጋ ይቆርጥለታል። የዕቃው ቀጣይ ጉዞ ወደ መርካቶ፣ ወደ ምናለሽ ተራ ይሆናል።

እዚህ ላይ የገበያ ሰው ሊጠይቀው የሚገባ ጥያቄ አለ። ለመሆኑ የሞተው ምኑ ነው? ብዙውን ጊዜ የሞተው በሆዱ ያለው ሃርድ ዲስክ ብቻ ነው። ስክሪኑ ይበራል፤ ቁልፉ ይታዘዛል፤ የድምፁ ጥራትም እንደነበረ ነው። ባትሪው ከዕድሜ ብዛት መድከሙ ባይቀርም እሱም የሚተካ ነው። ይህ ልዩነት ሳይታወቅ ዕቃው በኪሎ ሲሸጥ ሁለት ኪሳራ ይደርሳል። ባለቤቱ ዕቃውንና ያጠራቀመውን ዘፈን ያጣል። ከመገናኛ በላምበረት አልፎ ወደ ኮተቤና ካራ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ የተከፈቱት የጥገና ቤቶች ደግሞ በእጅ ሙያ ሊያገኙት የሚችሉትን ገቢ ያጣሉ።

የዕቃውን ታሪክ ማወቅ ዋጋውን ለማወቅ ይረዳል። አፕል ኩባንያ የመጀመሪያውን አይፖድ ለዓለም ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2001 ነበር። በውስጡ የነበረችው የቶሺባ ሥሪት የሆነች 1.8 ኢንች ሃርድ ዲስክ 5 ጊጋባይት ትይዝ ስለነበር ማስታወቂያው 1,000 ዘፈን በኪስ እንደሚያዝ ይገልጽ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 እስከ 160 ጊጋባይት የሚይዘው አይፖድ ክላሲክ ተከተለ። ኩባንያው ክላሲኩን በ2014፣ የመጨረሻውን የአይፖድ ዘር ደግሞ በግንቦት 2022 ከገበያ አስወጥቷል። ስለሆነም ከእንግዲህ አዲስ ዕቃም ሆነ አዲስ ሃርድ ዲስክ ከፋብሪካው አይጠበቅም። ያለው ክምችት በሰው እጅና በመሳቢያ ውስጥ ያለው ብቻ ነው።

ሃርድ ዲስክ ከድሮው ሸክላ ጋር የሚመሳሰል ነገር አለው። ውስጡ የሚሽከረከር ሳህን አለ፤ በላዩ ላይም ከፀጉር እጅግ በቀጠነ ክፍተት የምትንሳፈፍ አንባቢ ጭንቅላት አለች። ማጫወቻው ከእጅ ሲወድቅ ወይም እየሠራ ሲንገላታ ጭንቅላቷ ሳህኑን ትነካለች፤ ያ «ቀጭ» የሚል ድምፅም ብዙ ጊዜ የዚህ ጉዳት ምልክት ነው። ዲስኩ ጨርሶ ከተበላሸ በውስጡ ያለውን ማውጣት እጅግ ውድ ሥራ ነው። በዚህም ምክንያት ማጫወቻው ማንቀራፈፍና በዘፈን መካከል ማቋረጥ በጀመረበት ሰዓት ቀድሞ ዘፈኑን ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ፣ ክዳኑን መንካት ከዚያ በኋላ መሆን አለበት። ይህንን ቅደም ተከተል የሚያውቅ ሠራተኛ ደንበኛውን ከትልቁ ኪሳራ አዳነው ማለት ነው። በአንዳንዱ ማጫወቻ ውስጥ ያለው ከየትም ሊገኝ የሚችል አዲስ ዘፈን ሳይሆን ከካሴት በትዕግሥት የተገለበጠ ዜማ ወይም የሟች ወላጅ ድምፅ ሊሆን ይችላልና።

በምትኩ የሚገባው ሌላ ሃርድ ዲስክ ሳይሆን ሚሞሪ ካርድ ነው። በዲስኩ ቦታ አዳፕተር የሚባል ትንሽ ሰሌዳ ይገጠማል፤ ካርዱም በእሱ ላይ ይሰካል። ማጫወቻው ካርዱን እንደ ሃርድ ዲስክ ይቆጥረዋል። የሚሽከረከር ሞተር ስለማይኖር ባትሪው ረዘም ላለ ሰዓት ይቆያል፤ ክብደቱ ይቀንሳል፤ መንገጫገጭም እንደ ቀድሞው አይጎዳውም። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው አይፖድ ሚኒ ደግሞ ከሁሉም የቀለለ ነው። በውስጡ ያለችው ማይክሮድራይቭ የምትሰካው እንደ ኮምፓክት ፍላሽ ካርድ ስለሆነ ካርዱ ያለ አዳፕተር በቦታዋ ይገባል። ከዚያ በኋላ ማጫወቻው ከኮምፒውተር ጋር ተገናኝቶ ሶፍትዌሩ እንደ አዲስ ይጫናል።

ሥራው ቀላል ይምሰል እንጂ ለችኩል እጅ አይሆንም። የብዙዎቹ ክዳን የተያዘው በብሎን ሳይሆን በጥቃቅን ጥርሶች ነው፤ በካቻቢቴ የተፈለቀቀ ክዳን ይጎብጣል። ባትሪውንና የጆሮ ማዳመጫውን መሰኪያ ከዋናው ሰሌዳ ጋር የሚያገናኙት ኬብሎች እንደ ወረቀት የሳሱ ናቸው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንደሚባለው፣ ክዳኑን በአንድ ጊዜ ገንጥሎ የከፈተ ሠራተኛ ዲስክ ሊቀይር ገብቶ የኬብል ዕዳ ይዞ ይወጣል።

ችግሩ የሚከፋው ግን በጥገናው ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን በካርዱ ግዢ ላይ ነው። በመጀመሪያ ደንበኛው የማያስፈልገውን ይገዛል። አምስት ደቂቃ የሚፈጅ ዘፈን በተለመደው የኤምፒስሪ ጥራት 5 ሜጋባይት ግድም ይይዛል። 3,000 ዘፈን ያለው ሰው 15 ጊጋባይት ይበቃዋል፤ ባለ 32 ጊጋ ካርድ ገዝቶ እንኳ ግማሹ ባዶ ይቀርለታል። አንዳንድ የቀድሞ ሞዴሎችም ከ128 ጊጋባይት በላይ ያለውን አይቆጥሩም። ይህንን ለደንበኛው ሳይነግሩ «ትልቁን ውሰድ፣ ይሻልሃል» ማለት የአንድ ቀን ትርፍ እንጂ ንግድ አይደለም።

በሁለተኛ ደረጃ ፎርጂድ ካርድ አለ። የዚህ ማጭበርበር አሠራር በሚገባ መታወቅ ይኖርበታል። እውነተኛ መጠኑ 8 ጊጋ የሆነ ካርድ ራሱን 128 ጊጋ ነኝ ብሎ ለኮምፒውተሩ እንዲያስታውቅ ይደረጋል። ላዩ ላይም ያው ቁጥር ይታተማል። ስልክ ውስጥ ሲገባ 128 ይላል፤ ኮምፒውተር ላይም 128 ይላል። ዘፈኑ መጫን ሲጀመር ሁሉም ደህና ይመስላል። 8 ጊጋው ከሞላ በኋላ ግን አዲሱ በአሮጌው ላይ ይጻፋል ወይም የትም ሳይጻፍ ይቀራል። የዘፈኑ ስም በዝርዝሩ ላይ ይታያል፤ ድምፁ ግን የለም። ደንበኛው ይህን የሚያውቀው ከሳምንታት በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ አሮጌው ዲስክ ተጥሏል፤ ከኮምፒውተሩም ላይ ቅጂው ተሰርዟል። ሄዶ ሲጠይቅ ከደረሰኙ ግርጌ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ጽሑፍ ይጠብቀዋል፤ ያውም ደረሰኝ ከተሰጠው ነው።

ፎርጂድ ካርድ ለነጋዴው ያዋጣል የሚለው አስተሳሰብ በስሌት ሲፈተሽ አይቆምም። ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ አንድ ነጋዴ ፎርጂዱን በ300 ብር ገዝቶ በ1,100 ብር ቢሸጥ 800 ብር አተረፈ ይባላል። ሌላው ኦርጅናሉን በ1,000 ብር ገዝቶ በ1,200 ብር ቢሸጥና ለመግጠሚያው 500 ብር ቢቀበል ትርፉ 700 ብር ነው። በመጀመሪያው ቀን ፎርጂድ ሻጩ በ100 ብር ይበልጣል። ይሁንና የእሱ ደንበኛ አይመለስም፤ ሲመለስም የሚመጣው ለጠብ ነው። የሁለተኛው ደንበኛ ባትሪ ለማስቀየር ይመለሳል፤ የወንድሙን ስልክ ይዞ ይመጣል፤ ጎረቤቱንም ይልካል። ወሰንን በመሰለ ሰው በሚተዋወቅበት ሠፈር የ100 ብሩ ልዩነት በአንድ የቡና ሰዓት ወሬ ተከፍሎ ያልቃል።

መፍትሔው ብዙ ካፒታል አይጠይቅም። ካርድን ለመመርመር ሙሉ በሙሉ የሚሞሉና መልሰው የሚያነቡ ነፃ ፕሮግራሞች አሉ። በሴኮንድ 20 ሜጋባይት የሚጽፍ ባለ 128 ጊጋ ካርድ ለመሙላት አንድ ሰዓት ከ47 ደቂቃ ግድም ይፈጅበታል። መልሶ ማንበቡ ሲጨመር ሦስት ሰዓት ተኩል ቢወስድ እንኳ ሥራው የኮምፒውተሩ እንጂ የሰው አይደለም፤ ማታ ተሰክቶ ጠዋት ይታያል። ከጅምላ ሻጭ የተረከበውን ካርድ በዚህ መንገድ ፈትሾ «የተመረመረ» ብሎ የሚሸጥ ሱቅ፣ ከሌላው ጥቂት ብር ቢያስጨምር ሸማቹ ምክንያቱን ይረዳዋል።

ሕጉም ከተጠንቃቂው ነጋዴ ጎን ነው። በ2006 ዓ.ም የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። «አይመለስም» የሚል ማኅተም ይህንን መብት አይሽረውም። በሌላ በኩል የጥገና ቤቱ ራሱ ሊጠነቀቅበት የሚገባ መስመር አለ። የደንበኛውን የራሱን ዘፈን ከአሮጌው ዲስክ ወደ አዲሱ ካርድ ማሻገር አንድ ነገር ነው። ከሱቁ ኮምፒውተር ሺህ ዘፈን በብር እየሞሉ መሸጥ ግን ሌላ ነው፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የድምፃዊውንና የአሳታሚውን ድርሻ ያስከብራል። የካሴት ሙዚቃ ቤቶች በየሠፈሩ አንድ በአንድ የተዘጉት አድማጭ ጠፍቶ ሳይሆን ዘፈኑ በነፃ ሲገለበጥ ስለዋለ ጭምር መሆኑ የሚረሳ አይደለም። በሌላው ንብረት ላይ የቆመ ገቢ ሕግ በጠበቀ ዕለት ይወድቃል።

«ስልክ ባለበት ዘመን ማን ማጫወቻ ያስጠግናል?» የሚል ይኖራል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። የአይፖዱ ደንበኛ ቁጥሩ ጥቂት መሆኑን መካድ አያስፈልግም። ማልዶ በየካ ተራራና በእንጦጦ የሚሮጥ፣ ስልኩን ቤት መተው የሚመርጥ፣ ወይም የድሮ ዕቃውን የሚወድ ሰው ነው። ነጋዴው ከዚህ ሥራ የሚወስደው ግን ሙያውን ጭምር ነው። የሚሽከረከረውን ዲስክ አውጥቶ በማይሽከረከር መተካት በላፕቶፕም ላይ የሚሠራ ነው። ባለ ሃርድ ዲስክ አሮጌ ላፕቶፕ ኤስኤስዲ ሲገባለት ፍጥነቱ ወዲያው ይለወጣል። ቀድሞ መገልበጥ፣ ክዳን በጥንቃቄ መክፈት፣ ክፍሉን መመርመር፣ ደረሰኝ መስጠት የሚለው ቅደም ተከተል ግን አይቀየርም። በትንሿ ማጫወቻ ላይ የሠለጠነ እጅ በትልቁ ላይ አይንቀጠቀጥም።

የዋጋው ሁኔታም ወደ ጥገና የሚገፋ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ፣ ከ57 ብር ከፍ ብሎ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከውጭ የሚመጣ አዲስ ዕቃ በዚያው ልክ ተወደደ። እርግጥ ካርዱም ከውጭ ነው የሚመጣው፤ እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ የሚሞሪ ቺፕ ዋጋ በዓለም ገበያ መውጣቱም ፎርጂድ አቅራቢውን የሚያበረታታ ነው። ይሁንና ሙሉ ዕቃ በዶላር ከማስገባት አንዲት ክፍል አስገብቶ ቀሪውን በአገር ውስጥ ሙያ መሙላት ወጪው ያነሰ፣ ለሠራተኛውም እንጀራ የሚተው መንገድ ነው።

ስለዚህ አስመጪው ጥራቱ ከታወቀ አቅራቢ እንዲገዛ፣ ደላላው የካርዱን መጠን ከማጋነን ይልቅ ምርመራውን እንዲያሻሽጥ፣ ገንዘብ ያለው ባለሀብትም ሌላ የስልክ መሸጫ ከመክፈት በፊት ሁለት ሠልጣኞችና አንድ ኮምፒውተር ያለው የጥገና ጠረጴዛ እንዲያስብበት ይገባል። ጠረጴዛው የሚጠይቀው ጥሩ መብራት፣ ቀጭን መፈልቀቂያ፣ የተመረመረ ካርድና ስሙን የሚጠብቅ ሰው ነው።

ቆራሌው በወሰን መንገዶች መጥራቱን ይቀጥላል፤ ሥራው ነውና ማንም አይወቅሰውም። ባለቤቱ ግን ማጫወቻውን ከመስጠቱ በፊት «ምኑ ነው የሞተው?» ብሎ የሚጠይቅበት፣ ጠይቆም እውነተኛ መልስ የሚያገኝበት አንድ ሱቅ በሠፈሩ ሊኖረው ይገባል። ያንን ሱቅ ቀድሞ የከፈተ ነጋዴ፣ ሌላው በኪሎ የሚመዝነውን ዕቃ በሙያ ዋጋ ይሠራበታል።