የካራቫኑ አክስል ይቀየር እንጂ አይበየድ



ድንኳናችንን፣ አግዳሚ ወንበሮቹንና ብረት ድስቶቹን ጭኖ ከለቅሶ ቤት ለቅሶ ቤት የሚጎተተው አሮጌው ካራቫን ወደ አንድ ጎን ማዘንበሉን ሁላችሁም አይታችኋል። አንዳንድ አባላት «ይበየድና ይሂድ፣ ገንዘቡ ለቀብር ይቀመጥ» ይላሉ። የእድር ገንዘብ እንዳይባክን ማሰባቸው ደግ ነው። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ምክንያቴም የሚከተለው ነው።

የዚህ ካራቫን አክስል እንደ ጭነት መኪና ባሌስትራ የለውም። በብረት ቱቦው ውስጥ ላስቲክ ተጠቅጥቆበታል፤ ንጥረቱን የሚችለው ያ ላስቲክ ነው። ኤርስትሪም የተባለው የአሜሪካ ካራቫን ሠሪ እ.ኤ.አ. ከ1961 ጀምሮ የሠራበት ይህንኑ ዓይነት አክስል ነው። ላስቲክ ደግሞ ቆሞም ያረጃል። ከ20 እና ከ25 ዓመት በኋላ ይደርቃል፣ መለጠጡን ይተዋል። ያን ጊዜ የጉድጓዱ ምት ሁሉ በቀጥታ ወደ ላይ ይመጣል፤ የቆርቆሮው ማያያዣ ይላላል፣ ሰሐናችንም ይሰበራል።

ብየዳ ይህን አያድንም። እንዲያውም እሳቱ የቀረውን ላስቲክ ያቃጥለዋል። የሚጠራጠር ካለ መጥቶ ይመልከት፤ ክሪክ ከሻንሲው ሥር ይግባና ጎማው ከመሬት ይነሣ። ጎማውን የያዘው ክንድ ወደ ታች ካልወረደ ላስቲኩ ሞቷል ማለት ነው።

የእኔ ሐሳብ ባሌስትራ ያለው አክስል ይግባለት ነው። ባሌስትራ ቢሰበር እዚሁ ጋራዥ ይሠራል። ብቻ ከመገዛቱ በፊት ካራቫኑ ሙሉ ዕቃውን ጭኖ ሚዛን ላይ ይውጣ፤ የአክስሉ አቅም ከዚያ ክብደት በላይ ይሁን። የሻንሲው ስፋትና በሁለቱ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት በሜትር ይለካ። ባሌስትራው የሚታሰርበት የሻንሲ ቦታ በብረት ይደገፍ። ኩሽኔታው አዲስ ይሁን፣ ግራሶም በደንብ ይግባበት። ከ80 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላ የጎማው ብሎኖች እንደገና ይጥበቁ።

ገንዘቡስ ለሚለው፣ የቀብሩ ገንዘብ አይነካ። ለዚህ ሥራ ብቻ የሚሆን መዋጮ ሁላችንም እንደ አቅማችን እናድርግ። ካራቫኑ ቁልቁለቱን ሲወርድ አክስሉ ቢለቅ በዚያው መንገድ የሚመላለሱት የትምህርት ቤት ልጆቻችን ናቸው። ለቅሶ ልንደርስ ወጥተን ሌላ ለቅሶ እንዳናመጣ። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ?

እስኪቀየር ድረስ ካራቫኑ ባይጎተት፣ ዕቃውን ወጣቶቻችን በሸክም ቢያደርሱት ይሻላል። ነገሩ በሚመጣው ጠቅላላ ስብሰባ ይቀርባል፤ የምትደግፉም የምትቃወሙም መጥታችሁ ተናገሩ።

የእድሩ ጸሐፊ