የመታጠቢያ ቤት የመስተዋት በር

ባለፈው ሳምንት በጅቡቲ ከተማ በካርቲየ 2 ወደሚኖር ወዳጄ ቤት ለጥየቃ ሄጄ ነበር። ቡና በመጠጣት ላይ ሳለን እመቤቲቱ፣ «ወንድሜ፣ ይህን የመታጠቢያ ቤት የመስተዋት በር ምን ላድርገው? በየዕለቱ ባሸውም ኖራ የተቀባ ይመስላል። ዛሬ በረኪናና ኮምጣጤ ደባልቄ ልሞክረው አስቤአለሁ» አሉኝ። እኔም ደንግጬ ሲኒዬን አስቀመጥሁና፣ «እኅቴ፣ ከዚህስ በሩ እንደ ነጣ ቢኖር ይሻላል» አልኋቸው። ምክንያቱን ለአንባቢዎቻችንም መግለጽ ተገቢ መስሎ ስለ ታየኝ እነሆ አቀርበዋለሁ።

በመስተዋቱ ላይ የሚጋገረው ነጭ ነገር ተራ እድፍ አይደለም። ከከርሠ ምድር የሚወጣ ውኃ በድንጋይ መካከል ሲያልፍ ካልሲየምና ማግኒዚየም የተባሉትን ማዕድናት ይዞ ይመጣል። ሳሙና ከእነዚህ ጋር ሲገናኝ አረፋ መስጠቱን ይተውና በውኃ የማይሟሟ ነጭ ዝቃጭ ይሆናል። ጅቡቲ ለረጅም ዘመን የኖረችው ጨው በበዛበት የጉድጓድ ውኃ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2017 ከኢትዮጵያ ከሐደጋላ የተሳበላትም ከጉድጓድ የሚወጣ ነው፤ በ2021 ደግሞ የባሕርን ውኃ ከጨው የሚለይ ጣቢያ በዶራሌ ተመርቋል። በከተማው ሐሩር ጠብታው በመስተዋቱ ላይ ፈጥኖ ስለሚደርቅ ውኃው ሲሄድ ማዕድኑ እዚያው ይቀራል።

እንግዲህ የሳሙናን ዝቃጭ በሳሙና ማጠብ ከንቱ ድካም ነው። ዝቃጩን የሚፈታው ኮምጣጣ ነገር ነው። ኮምጣጤና ለብ ያለ ውኃ እኩል ቀላቅሎ፣ ጨርቅ ነክሮ በመስተዋቱ ላይ መለጠፍና ሩብ ሰዓት ያህል መታገሥ ያስፈልጋል። ከዚያም በለስላሳ ስፖንጅ አሽቶ፣ በብዙ ውኃ አለቅልቆ ማድረቅ ነው። ኮምጣጤ በሌለበት ቤት ለሁለት የተቆረጠ ሎሚ ይበቃል። አሸዋና የሽቦ መፈግፈጊያ መስተዋቱን ስለሚጭሩት፣ በጭረቱም ውስጥ እድፍ ስለሚቀመጥ አይገቡም። ወለሉ እብነ በረድ ከሆነ ደግሞ ኮምጣጤው እንዳይነካው ጥንቃቄ ይደረግ፤ አሲድ ድንጋዩን ይበላዋልና።

ከሁሉ የሚበልጠው ማስጠንቀቂያ ግን ይህ ነው፤ በረኪና ከኮምጣጤም ሆነ ከሎሚ ጋር ፈጽሞ አይደባለቅ። ሁለቱ ሲገናኙ ክሎሪን የተባለ መርዛም ጋዝ ይወጣል። ይህም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1915 በቤልጅግ አገር በኢፕር የጦር ግንባር ወታደሮችን የፈጀው ጋዝ ነው። መታጠቢያ ቤት ጠባብና ዝግ ስለሆነ ጥቂቱም ሳንባን ይጎዳል። በስሕተት የተደባለቀ እንደሆነ ወዲያው ወጥቶ ነፋሻ ስፍራ መቆም፣ ሕፃናትንም ማራቅ፣ ሳል ወይም የትንፋሽ ማጠር ከተሰማ ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ይገባል።

እመቤቲቱ በረኪናውን ወደ መደርደሪያው መልሰው በኮምጣጤው ብቻ ሠሩ። በሁለተኛው ዙር የመስተዋቱ ጥራት ተመለሰ። እንደ ነበረ የሚያቆየው ግን ቀላል ልማድ ነው። ከቤተ ሰቡ መጨረሻ የታጠበው ሰው በጎማ መጥረጊያ ወይም በደረቅ ጨርቅ በሩን ከላይ ወደ ታች ይጥረገው፤ አየር እንዲገባም ክፍት ይተወው። ይህ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ወራት ያስቆጠረውን ቅርፊት ማላቀቅ ግን እኩለ ቀን ይፈጃል። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ጭምር ነው።