«ሙቀቱ ነው» ከማለታችን በፊት

በዚህ ሳምንት ስለ ጎማ እጽፋለሁ ብዬ ቃል ገብቼ ነበር። ጎማው ይቆይ፤ የባሰ ነገር መጥቷል።

በሰኔ መጨረሻ አንድ ጎረቤቴ በሬን አንኳኩ። በዕድሜ ከእኔ ከፍ ያሉ፣ ላስ ቬጋስ ውስጥ ብዙ ዓመት የሌሊት ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ ያገር ሰው ናቸው። «ስማ እንጂ! ይህች ቮልቮ ቤንዚን ትጠጣለች እንጂ አትሄድም» አሉኝ። መኪናቸው እ.ኤ.አ. በ1993 የተሠራች ቮልቮ 940 ተርቦ ናት። የምንኖረው እዚሁ ኢንተርፕራይዝ፣ ከብሉ ዳይመንድ መንገድ ገባ ብሎ ነው። ጋራዥ ወስደዋት፣ ሰውዬው ኮፈኑን ከፍቶ መልሶ ዘጋና «የበረሃው ሙቀት ተርቦውን በልቶታል፤ ካልተቀየረ ተስፋ የለውም» ብሎ 2,000 ዶላር ጠየቃቸው። ያ ገንዘብ ደግሞ በመስከረም ለእህታቸው ልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ ወደ አዲስ አበባ ሊልኩት ያስቀመጡት ነው።

መቼም እኛና ቤንዚን የቆየ ጉዳይ አለን። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የነዳጅ ዋጋ ሲጨምር የአዲስ አበባ ባለታክሲዎች ሥራ አቁመው ምን እንደተከተለ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። እኚህ ሰው ያን ጊዜ የሰይቼንቶ ታክሲ ሹፌር ነበሩ። ስለዚህ ስለ ነዳጅ ሲናገሩ ዝም ብዬ ነው የምሰማው። ዳኝነቱ ግን አልጣመኝም።

ሙቀቱ ሐሰት ነው አልልም። እ.ኤ.አ. ጁላይ 7 ቀን 2024 ላስ ቬጋስ 120 ዲግሪ ፋራናይት ደርሳ የራሷን ክብረ ወሰን ሰብራለች። በእኛ ልኬት 49 ሴንቲግሬድ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ሞቃት አየር ደግሞ ስስ ነው። በጥር ጧት 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የነበረ አየር በሐምሌ ከሰዓት በኋላ 44 ሲገባ ከክብደቱ ከስምንት እጅ አንዱን ያጣል። ይሁንና የተርቦ ሥራው ይኸው ነው፤ የሳሳውን አየር ጨምቆ ለሞተሩ ያጎርሰዋል። ጣርማ በር ላይ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ፣ ተርቦ የሌለው የናፍጣ መኪና ጥቁር ጭስ እየተፋ ሲያቃስት ተርቦ ያለው ጥሎት የሚያልፈው ለዚህ ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፉ በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ኢንተርፕራይዝ ግን 750 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ቢጎድል ከአሥር እጅ አንዱ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የሳሳ አየር ማለት ብዙ ነዳጅ ማለት አይደለም። እንዲያውም በሀይዌይ ላይ መኪናዋ ፊት ለፊት የምትገፋው አየር ስለሚቀል ትንሽ ይጠቅማል። ሙቀት ነዳጅ የሚሰርቀው በሌላ በር ገብቶ ነው። አንደኛው ኤር ኮንዲሽነሩ ነው፤ በጣም በሞቀ ቀን፣ በተለይ አጭር አጭር መንገድ ስንሄድ፣ ከሩብ በላይ ነዳጅ ሊያስጨምር እንደሚችል የአሜሪካ መንግሥት የነዳጅ ቁጠባ መምሪያ ይናገራል። መኪናዋን ፀሐይ ላይ አቁሞ፣ ሞተሩን አስነስቶ፣ «ትቀዝቅዝ» ብሎ ሩብ ሰዓት መጠበቅማ ዜሮ ማይል በጋሎን ነው።

ሁለተኛው ተርቦ ባላቸው ላይ ይብሳል። አየር ሲጨመቅ ይግላል። ከፊት ያለው ኢንተርኩለር ያንን አየር ያበርደዋል፤ ነገር ግን ውጭው 44 ከሆነ ከ44 በታች ሊያወርደው አይችልም። እንዲህ የጋለ አየር ሲሊንደር ሲገባ ቤንዚኑ ከካንዴላው የተነሣው እሳት ሳይደርሰው በራሱ ይፈነዳል፤ ሞተሩ ያንኳኳል። ስዊድኖቹ ይህንን ቀድመው አስበውበታል። የሳብ 900 ተርቦ መንኳኳቱን የሚያዳምጥ መሣሪያ ስላለው የተርቦውን ግፊት ይቀንሳል። ቮልቮዋም ታዳምጣለች፤ እርሷ ግን እሳቱን ታዘገያለች። ዘግይቶ የተቀጣጠለ ቤንዚን ፒስተኑን በመግፋት ፈንታ ጭስ ማውጫውን ያሞቃል። በዚህ ሙቀት ዋጋው ረከሰ ብሎ 87 መቅዳት፣ መመሪያ መጽሐፉ 91 እያለ፣ በጋሎን ያተረፉትን በማይል መመለስ ነው። ይህን ስነግራቸው ጎረቤቴ ወደ ሌላ አቅጣጫ ተመለከቱ። ገባኝ።

ቢሆንም ይህ ሁሉ ተደምሮ የእርሳቸውን ያህል አያደርስም። «ጋሼ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳቸው። ወደ መኪናዋ ሄደው ከዳሽቦርዱ ሳጥን አንድ እፍኝ የቤንዚን ደረሰኝ አወጡ። በየደረሰኙ ጀርባ ማይሉ በእርሳስ ተጽፏል፤ የታክሲ ልማድ አይለቅም። ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን አካፈልን። በጥቅምት በጋሎን 21 ማይል፣ በጥር 17፣ በሰኔ 16። «ጋሼ፣ በጥር ሙቀቱ የት ነበር?» አልኳቸው። ዝም አሉ።

ለነገሩ ክረምት ራሱ ሌባ ነው፤ እኛ ግን አንከሰውም። ቀዝቃዛ ሞተር እስኪሞቅ ድረስ ቤንዚን ይረጭለታል፤ ዘይቱ ይወፍራል፤ የጎማ ንፋስ ይወርዳል። በክረምት የሚሸጠውም ቤንዚን ከበጋው ትንሽ ያነሰ ጉልበት አለው። ግን የክረምት ጉድለት በሚያዝያ መመለስ ነበረበት፤ የእርሳቸው አልተመለሰም። በጥር የተበላሸ ነገር አለ ማለት ነው።

ቅዳሜ ጧት ፀሐይ ሳትበረታ ኮፈኑን ከፈትን። ካንዴላዎቹን ስናወጣ ጥላሸት ለብሰዋል፤ ቤንዚን በዝቶ አየር አንሷል። ከኢንተርኩለሩ ወደ ሞተሩ የሚሄደው ወፍራም የጎማ ቱቦ ከሥሩ፣ ዓይን በማያየው በኩል፣ አንድ ጣት ያህል ተሰንጥቋል። ይህ በአሮጌ ተርቦ ላይ ዋናው በሽታ ነው። ኮምፒውተሩ አየሩን የሚለካው ተርቦው ውስጥ ከመግባቱ በፊት ነው፤ በለካው ልክ ቤንዚን ያዛል። ከዚያ ወዲያ አየሩ በስንጥቁ ቢያመልጥ ኮምፒውተሩ አያውቅም፤ ቤንዚኑ ግን ታዟል። መኪናዋ ጉልበት ታጣለች፣ ሹፌሩ የባሰ ይረግጣል፣ ግፊቱ ሲጨምር ስንጥቁ የባሰ ይከፈታል። ሰዎች ይህን ጊዜ ነው «ተርቦው ሞተ» የሚሉት። ተርቦው እኮ እየነፋ ነው፤ የሚነፋው ለሜዳ ነው።

የራዲያተሩ ቴርሞስታትም ክፍት ሆኖ ደርቋል፤ ስለዚህ በክረምቱ ሞተሩ በወጉ ሞቆ አያውቅም። ኦክስጅን ሴንሰሩ ደግሞ ከመኪናዋ ጋር ያረጀ ይመስላል። ይኸው መምሪያ የተበላሸ ኦክስጅን ሴንሰር መቀየር እስከ 40 በመቶ ሊያሻሽል ይችላል ይላል፤ ተራ ቱን አፕ ግን በአማካይ 4 በመቶ ብቻ። ቱቦውን ከተጣሉ መኪኖች ግቢ ከሌላ ቮልቮ ፈትተን አመጣን፤ ሶማሌ ተራን አስታወሰኝ፣ መከራከሩ ብቻ ነው የጎደለው። ሦስቱም ዕቃዎች ተደምረው 200 ዶላር አልሞሉም።

አንድ ነገር ልጨምር። በኔቫዳ እ.ኤ.አ. የ1995 እና ከዚያ በፊት የተሠራ የቤንዚን መኪና ለስሞግ ሲፈተሽ መለኪያው ጭስ ማውጫው ውስጥ ይገባል፤ በሚሰጣችሁ ወረቀት ላይ የካርቦን ሞኖክሳይድ ቁጥር አለ። ብዙዎቻችን «አልፏል» የሚለውን አይተን እንጥለዋለን። የዘንድሮው ቁጥር ካምናው በጣም ከጨመረ፣ ቢያልፍም እንኳ፣ ቤንዚናችሁ ሳይቃጠል በጭስ ማውጫ እየወጣ ነው። ጎረቤቴ የሁለት ዓመቱን ወረቀት አላስቀመጡም እንጂ ነገሩን ያኔውኑ ይዘነው ነበር።

የድሮ መርሴዲስ 300 ዲ ተርቦ ያላችሁ «የእኛስ?» ትሉ ይሆናል። ናፍጣ ስለሆነ የኦክቴን ጣጣ የለባችሁም። ነገር ግን ለተርቦው ግፊትና ለከፍታው ናፍጣውን የሚመጥነው ትንሽ መሣሪያ በቀጭን ቱቦ ነው የሚሠራው፤ ቱቦው ሲደፈን ወይም ሲቀደድ መኪናው ዳገት አልወጣ ይላል። መጀመሪያ እርሱን እዩ። ኖዝሎቹን በኋላ።

ቮልቮዋን ለመፈተን ወደ ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ድረስ ወሰድናት፤ ሰበቡ በርበሬ ነበር። ስንመለስ ያለው ዳገት የሚያስተዛዝብ ነው፦ ቤከር ከባሕር ወለል 300 ሜትር አይሞላም፣ ማውንቴን ፓስ 1,440 ሜትር ያህል ነው፣ መካከሉ እቶን ነው። ሦስተኛ ማርሽ እንኳ ሳትለምን ወጣች። ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ሞልተው አካፍለናል፦ 19፣ 20፣ 20 ከግማሽ። ይህ በነሐሴ፣ ኤር ኮንዲሽነሩ ተከፍቶ ነው።

የእህታቸው ልጆች ገንዘብ ትናንት ተልኳል። ከላኩበት ቤት ወጥተን ነዳጅ ማደያ ስንገባ ግን እጃቸው በቀጥታ ወደ 87 ሲሄድ ያዝኳቸው። «ዛሬ ብቻ» አሉኝ።

ጎማው በሚቀጥለው ሳምንት።