ከጽሑፉ ሥር ያለው ቆዳ

ዱባይ ውስጥ ሙሀይስና ለሚኖር ወገናችን ኤክስሬይ ማለት ለመኖሪያ ፈቃድ የሚነሳው የደረት ምርመራ ነው። ጨረሩ ገላን አልፎ ይወጣል፣ አጥንቱ ጥላውን ይጥላል፣ ሐኪሙም የሳንባ ነቀርሳ ምልክት ይፈልጋል። ከጨረሩ ጥቂቱ ግን ቀጥ ብሎ አያልፍም፤ ካገኘው ቁስ ጋር ተጋጭቶ አቅጣጫውን ይቀይራል። በየትኛው ማዕዘን እንደተበተነ የለካ ሰው በተራ ማይክሮስኮፕ የማይታየውን የቁሱን አደረጃጀት ማንበብ ይችላል። ለብራና መጻሕፍታችን ዛሬ የሚያስፈልገው ይህ ንባብ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ብራናዎች በማይክሮፊልም ተነስተዋል፤ እንደ ጌታቸው ኃይሌ ያሉ ሊቃውንትም ዕድሜያቸውን ሰጥተው ዘርዝረዋቸዋል። ውለታቸው ትልቅ ነው፤ ቃሉን አትርፈዋል። ቆዳው ግን በፎቶ አይተርፍም። ፊደሉ ጥርት ብሎ እየተነበበ የገጹ ውስጥ ሊፈርስ ይችላል።

ብራና አብዛኛውን ጊዜ የፍየል ቆዳ ነው፤ ቆዳውን የሚያቆመው ደግሞ ኮላጅን የተባለው ፕሮቲን ነው። የኮላጅን ክሮች በየ67 ናኖሜትሩ የሚደጋገም ሥርዓት አላቸው፤ ሲደርቁ ርቀቱ በጥቂቱ ያጥራል። ይህ ድግግሞሽ ኤክስሬዩን ከአንድ ዲግሪ በታች በሆነ ጠባብ ማዕዘን ይበትነዋል፤ በመመርመሪያው ላይም ጥርት ያሉ ቅስቶች ይታያሉ። እርጥበትና ሙቀት የተፈራረቀበት ብራና ግን ክሩ ተፈትቶ ወደ ጄላቲን ይለወጣል፤ ቅስቶቹም ይደበዝዛሉ። ገጹን መቁረስ አያስፈልግም። በሙት ባሕር ጥቅልሎች ላይም ኮላጅኑ ምን ያህል እንደተጎዳ በኤክስሬይ ተመርምሯል።

ታዲያ የሌሎችን ውጤት ወስደን ብንጠቀምበትስ? አይሆንም። ምክንያቱ አሠራራችን ነው። የእኛ ብራና ሠሪ ቆዳውን በውኃ ይነክራል፣ በእንጨት መወጠሪያ ላይ ጥብቅ አድርጎ ይወጥራል፣ ሥጋውንና ስቡን ይፍቃል፣ ጸጉሩን ያነሳል፣ በሸካራ ድንጋይ ያለሰልሳል። የአውሮፓው ሠሪ ግን ቆዳውን ለቀናት በኖራ ውኃ ያቆየዋል፤ ኖራ ደግሞ ኮላጅኑን ራሱን ይነካዋል። በኖራ ያለፈ ቆዳ የሚያረጅበት መንገድ ኖራ ላልነካው መለኪያ ሊሆን አይችልም። የጣና ገዳማት ብራና የራሱ መነሻ ልኬት ያስፈልገዋል።

ቀለሙም የራሱ ጉዳይ አለው። ጥቁሩ ቀለም ከጥቀርሻ፣ ከተቃጠለ እህልና ከቅጠል ተደባልቆ ለወራት ይብላላል፤ መሠረቱ ካርቦን ነው። ካርቦንን በኤክስሬይ በመመርመር ስሟ የሚነሳው ሮዛሊንድ ፍራንክሊን ናት። ዲኤንኤን ለንደን ውስጥ በኤክስሬይ ከመመርመሯ በፊት የድንጋይ ከሰልን አጥንታለች፤ በ1951 ባሳተመችው ጥናትም ሲሞቁ ግራፋይት የሚሆኑትን ካርቦኖች ከማይሆኑት ለይታለች። በግራፋይት ውስጥ የንጣፎቹ ርቀት 0.335 ናኖሜትር ነው፤ በጥቀርሻ ውስጥ ጥቂት ሰፋ ይላል፣ ሥርዓቱም የላላ ነው። ቀለሙ ስስ ስለሆነ የቆዳው ምልክት ይውጠዋል፤ ስለዚህ ከቀለሙ ብዙ ከመጠበቅ ይልቅ ትኩረቱ ቆዳው ላይ ቢሆን እመርጣለሁ። ጨረሩ ራሱ ሲበዛ ኮላጅንን እንደሚጎዳም መዘንጋት የለበትም፤ መጠኑ አስቀድሞ ሊሞከር ይገባል።

መሣሪያው ሩቅ አይደለም። የቆዳውን ሥርዓት ለመለካት የቤተ ሙከራ መሣሪያም ሊበቃ ይችላል። ከዚያ የላቀ ጨረር ለሚፈልግ ደግሞ በ2017 የተከፈተው ሴሳሚ የተባለ ሲንክሮትሮን፣ ማለትም ኃይለኛ ኤክስሬይ የሚያመነጭ ማዕከል፣ ዮርዳኖስ ውስጥ አላን በተባለ ቦታ ይገኛል፤ አፍሪካ ግን እስካሁን የራሷ ሲንክሮትሮን የላትም። በዱባይም በ1991 የተመሠረተው የጁማ አል ማጂድ ማዕከል የእጅ ጽሑፎችን ይጠግናል። በኢትዮጵያና በዱባይ መካከል የሚመላለሱ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ይህን በር ቢያንኳኩ ደስ ይለኛል።

ሥራውን ግን በጥንታዊ መጽሐፍ መጀመር የለብንም። ዛሬም ብራና ከሚፍቁት ሰዎች አዲስ ቁርጥራጭ ይገዛ፤ ግማሹ ደረቅ ቦታ፣ ግማሹ እርጥበት ውስጥ ይቀመጥና በየጊዜው ይለካ። ከየቁራጩ ጋር የፍየሉ ዕድሜ፣ ቆዳው የተነከረበት ውኃና የቆየበት ጊዜ ይመዝገብ፤ ውጤቱ ሲታተምም የብራና ሠሪው ስም ከፊዚክስ ባለሙያው ስም ጎን ይስፈር።