ለፍለጋ ሲባል ስም አይፋቅም

«ሐረር»፣ «ሀረር» እና «ሃረር» ለአንባቢ አንድ ከተማ፣ ለኮምፒውተር ግን ሦስት ቃላት ናቸው፤ ዩኒኮድ ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር ሰጥቶታል። ስለዚህ በከተማዋ አሮጌ ክፍል በጀጎል ያለ የእንግዳ ማረፊያ በአንዱ አጻጻፍ ተመዝግቦ በሌላው ሲፈለግ ድረ ገጹ «አልተገኘም» ይላል። ችግሩ እውነት ነው። አንዳንዶች የሚያቀርቡት መፍትሔ ግን፣ ማለትም ሞክሼ ፊደላትን ገና ሲመዘገቡ ወደ አንድ መለወጥ፣ የማይመለስ ጥፋት ነው። «ኃይሉ» ብሎ የተመዘገበ ሰው ደረሰኙ ላይ «ሀይሉ» ከተባለ ከመታወቂያው ጋር አይገጥምም፤ ዋናው አጻጻፍ ስለጠፋም ማረሚያ የለውም። በትግርኛ ደግሞ ሀ እና ሐ የተለያዩ ድምፆች ስለሆኑ ለውጡ ቃሉን ራሱን ያበላሻል።

የሚያዋጣው ዋናውን ጽሑፍ ሳይነኩ አስቀምጦ ከጎኑ ሞክሼዎቹ በአንድ ሕግ ወደ አንድ ፊደል የተለወጡበት፣ ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ዓምድ መጨመር፣ ተጠቃሚው የሚጽፈውንም በዚያው ሕግ ለውጦ ማነጻጸር ነው። ሕጉ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ እና ኃን በሙሉ ይያዝ፤ ራብዑን የዘነጋ ፕሮግራም «ሃረር»ን አያገኝም። የዩኒኮድ መደበኛ ማስተካከያ ይህን ስለማይሠራ የመለወጫውን ሠንጠረዥ ራስ መጻፍ ግድ ነው። «ቦታ ይፈጃል» ለሚሉ፦ በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ነው፤ የ«ሐረር» ቅጂ 9 ባይት ብቻ ይወስዳል።