አንድ ቃል፣ ሁለት ፊደል

ከባሮ ወንዝ ዳር፣ ጋምቤላ ከተማ የሚያድግ የአኙዋክ ልጅ ውሃን በቤቱ «ፒ» ይለዋል። አኙዋክኛ እንደ ኑዌርኛ ሁሉ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ፣ ትምህርት ቤት ሲገባም ቃሉን በላቲን ይጽፋል። የክልሉ የሥራ ቋንቋ ግን አማርኛ ነው። ነገ ማመልከቻ ይዞ ቢሮ የሚገባው በግዕዝ ፊደል ጽፎ ነው።

«ሁለት ፊደል ለሕፃን ይከብዳል» የሚል ጃፓንን ይመልከት። የጃፓን ልጅ ውሃ የሚለውን የካንጂ ምልክት በ4 ጭረት፣ በተወሰነ ቅደም ተከተል ይጽፋል። ለብቻው ሲቆም «ሚዙ»፣ ከሌላ ምልክት ጋር ሲጣመር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ «ሱዪ» ብሎ ያነበዋል። በ6 ዓመት የአንደኛ ደረጃ ትምህርቱ 1,026 ካንጂ ይማራል፤ አንደኛ ክፍል የሚደርሰው ግን 80 ብቻ ነው። ሸክሙ ከባድ ቢሆንም ተመዝኖ ነው የሚጫነው።

የጋምቤላም ጉዳይ የፊደል ብዛት አይደለም፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የማሻገር ነው። የአማርኛ መምህሩ «ሀ ሁ»ን ልጁ ምንም እንደማያውቅ አድርጎ መጀመር የለበትም። በላቲን ለየብቻ የጻፋቸው ተነባቢና አናባቢ በግዕዝ ፊደል አንድ ላይ ሆነው «ፒ» እንደሚሆኑ ያሳየው። ልጁ የመጀመሪያውን የግዕዝ ፊደል በገዛ ቋንቋው ያነባል። የቤቱ ቃል መነሻ ከሆነለት አማርኛውም አይርቀውም።