ሬሳ ሳጥኑን እቤት ተዉት

ስድስት ሰባት ሰርፍቦርድ ደራርቦ የሚይዘውን ረጅም ሻንጣ ሰርፈሮች ራሳቸው «ሬሳ ሳጥን» ይሉታል። ስሙን ያወጣለት ሰው አፉ ይባረክ! ርዝመቱ ከሰው ቁመት ይበልጣል፤ ለማንሳት ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ ሆነው ሲሸከሙት ያየ መንገደኛ ገለል ብሎ ያሳልፋቸዋል። ውስጡም ቢሆን ከስሙ ብዙ አይርቅም። ከታሸጉት ቦርዶች ስንቱ ውሃ ሳይነካው ሄዶ ውሃ ሳይነካው ይመለሳል!

ይህን የምንጽፈው ተናደን ነው። ሎስ አንጀለስ የምንኖር፣ ቅዳሜና እሁዳችንን ባሕር ውስጥ የምናሳልፍ አምስት ሀበሾች ነን (ባሕር ከሌለው አገር መጥታችሁ ምን ነካችሁ ለምትሉን ዘመዶቻችን መልሱን ሌላ ቀን እንሰጣለን)። በመጪው ሐምሌ ኢንዶኔዥያ፣ ሜንታዋይ ደሴቶች ለመሄድ ሁለት ዓመት ገንዘብ አጠራቀምን። ትኬት ተቆረጠ፣ የጀልባው ቀብድ ተከፈለ፣ የቀረው ቦርድ መምረጥ ብቻ ነበር። እዚያ ላይ ተጣላን። አንዱ ወዳጃችን (ስሙን አንጠራም፣ ሲያነበው ራሱን ያውቃል) አምስት ቦርድ ካልያዝኩ ሞቼ እገኛለሁ አለ። የቀረነው አራታችን ለአንድ ሰው ሁለት ይበቃዋል እንላለን። ጉዳዩ የእሱ ብቻ ቢሆን በስልክ ተጨቃጭቀን በጨረስነው። ግን በሽታው በየኤርፖርቱ፣ ከመጠን በላይ ዕቃ በሚመዘንበት ወረፋ ላይ በዓይን የሚታይ ነው።

ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ እናስረዳ። ሰርፍ ማለት ቦርድ ላይ በደረት ተኝቶ በእጅ እየቀዘፉ ሞገድ መጠበቅ፣ ሲመጣ ደግሞ ብድግ ብሎ በላዩ መንሸራተት ነው። ትንሽ ሞገድ አጠር ሰፋ ያለ ቦርድ ይወዳል፤ ትልቅና ፈጣን ሞገድ ረዘም ያለ፣ ጭራው የጠበበ። የማታውቁት ባሕር ጋ ስትሄዱ የትኛው ሞገድ እንደሚጠብቃችሁ አስቀድሞ የሚነግራችሁ የለም። የአምስት ቦርዱ ሰው ክርክርም ይኸው ነው፤ «ለሁሉም ተዘጋጅቼ ልሂድ» ይላል። ሲሰሙት ጥበብ ይመስላል።

እስቲ አምስቱን እንያቸው። አንደኛው ዘወትር የሚጋልበው፣ 1 ሜትር ከ78 የሆነው ቦርዱ ነው። እሺ። ሁለተኛው ከዚያ አሥር ሳንቲም የሚረዝም፣ ጭራው ጠበብ ያለ። ይህም እሺ። ሦስተኛው 2 ሜትር ከ24 ነው፤ እንደ ጦር የሾለ፣ ለግዙፍ ሞገድ የተሠራ። እዚህ ላይ እንቁም። ይህ ወንድማችን እዚህ ደጃችን ላይ ሞገዱ የቁመቱን አንድ ተኩል ሲያክል «ዛሬስ ወገቤን እያመመኝ ነው» ብሎ ቡናውን ይዞ አሸዋው ላይ የሚቀመጥ ሰው ነው። መቀመጡን አንነቅፍም፤ ከእኛም መሐል አብረውት የሚቀመጡ አሉ። ግን እዚህ የማይገባበትን ውሃ እዚያ ደርሶ፣ ከሥሩ አሸዋ ሳይሆን የኮራል ድንጋይ ባለበት፣ ሐኪም ቤት በጀልባ ሰዓታት በሚርቅበት ቦታ የሚገባበት ምክንያት ምንድነው? ያ ቀን ከመጣ አሁንም ወገቡን ያመዋል፤ ጦሩም ሳጥኑ ውስጥ ይተኛል።

አራተኛው አጭሩ፣ ወፍራሙ፣ ባለ ሁለት ክንፉ ነው። ባለ ሁለት ክንፍ አንንቅም፤ አውስትራሊያዊው ማርክ ሪቻርድስ ከ1979 እስከ 1982 አከታትሎ አራት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው በባለ ሁለት ክንፍ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። ከተወደደ እሱ ራሱ የዘወትር ቦርድ ይሁንና አንደኛው ይቅር። ሁለቱም አንድ ሥራ የሚሠሩ ናቸው፤ ውሃው ደረት ሲያክል የሚያዝናኑ።

አምስተኛው ነው የሚያስቆጣን። ለዚህ ጉዞ ተብሎ የታዘዘ፣ ገና ከላስቲኩ ያልወጣ፣ «ሜንታዋይ ላይ ነው የማስመርቀው» የተባለለት አዲስ ቦርድ። አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ የሮጠበትን ታሪክ ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። አዲስ ጫማ ቀርቦለት ነበር፣ አልተመቸውም፣ ስለዚህ እግሩ በለመደው ሮጠ። በ1964 ቶኪዮ ላይ ደግሞ ጫማ አድርጎ አሸነፈ። ጫማ መጥፎ ነው የሚል ካለ ተሳስቷል፤ ነገሩ ሰውና ዕቃ የሚተዋወቁት በውድድሩ ቀን አይደለም ነው። ሜንታዋይ ላይ ላንስስ ራይት የሚባል ሞገድ አለ፤ ሲያልቅ ውሃው የሚሳሳበትን የኮራል ድንጋይ ሰርፈሮች «የቀዶ ሐኪሙ ጠረጴዛ» ብለው ሰይመውታል። አዲስ ቦርድ ምን ያህል ሲያጋድሉት እንደሚታጠፍ፣ መቼ ከእግር ሥር እንደሚያመልጥ እዚያ ጠረጴዛ ላይ አይጠናም። እቤት ይጠናል። ከአሁን እስከ ሐምሌ በየቅዳሜው ይጋልበውና ካመነበት ከሁለቱ አንዱ ያድርገው፤ ካላመነበት ይተወው።

በነገራችን ላይ ሰው ስለ ሊትር ሲጠየቅ ስለ ዕድሜው እንደተጠየቀ ይዋሻል። የቦርድ ይዘት በሊትር ይለካል፤ ሊትሩ በበዛ ቁጥር ያንሳፍፋል፣ መቅዘፍም ይቀላል። ባለሙያ ትንሽ ሊትር ስለሚጋልብ ሁሉም ከሚያስፈልገው ሁለትና ሦስት ሊትር ቀንሶ ያዝዛል። ለጉዞ ሲሆን ይባስ ብሎ ይቀንሳል፤ «እዚያ ሞገዱ ራሱ ይገፋል» እያለ። ሞገዱ የሚገፋው እኮ ከያዙት በኋላ ነው! እስኪይዙት የሚሠራው ክንድ ነው፤ በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ እየገቡ አራተኛው ቀን ላይ ያ ክንድ የማን እንደሆነ አይታወቅም። ለጉዞ ሊትር ይጨመራል እንጂ አይቀነስም።

ማንም ወደማያነሳው ጉዳይ እንምጣ። ቦርዱ ከምን ተሠራ? በጥቅሉ ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው ፖሊዩሪቴን ፎም በፖሊስተር ሬዚን የተለበጠ ነው፤ ለአሥርተ ዓመታት ሁሉም የለመደው። ሁለተኛው ፖሊስታይሪን ፎም ነው፤ ቴሌቪዥን ስንገዛ ካርቶኑ ውስጥ የምናገኘው የነጩ ፎም ዘመድ፣ በኢፖክሲ ሬዚን የተለበጠ። የአሜሪካን ሰርፍቦርድ ሠሪዎች አብዛኛውን ፎም ያቀርብ የነበረው ክላርክ ፎም የተባለው የካሊፎርኒያ ፋብሪካ ታኅሣሥ 2005 በአንድ ቀን በሩን ሲዘጋ ሠሪዎቹ አማራጭ ፍለጋ ተሯሯጡ፤ ሁለተኛው ዓይነትም በሰፊው የተስፋፋው ከዚያ ወዲህ ነው። ቀላል ነው፣ በቀላሉ አይጎደጉድም፣ እኛም እንወደዋለን።

ግን አንድ ጣጣ አለው። የፖሊስተር ሬዚን ፖሊስታይሪን ፎምን ይበላዋል። ቀዳዳውን ሊደፍኑለት ጠብ ሲያደርጉበት ፎሙ እንደ ስኳር ይሟሟል፤ የጣት ያህል የነበረው ቀዳዳ የጡጫ ያህል ይሆናል። ባሊ ላይ ጥገና ቤቱ ብዙ ነው፣ ሁለቱም ሬዚን አለ። ከፓዳንግ ወደብ ተነስታችሁ ሰዓታት በጀልባ ተጉዛችሁ ደሴት ላይ ስትወርዱ ግን የሚገኘው የተገኘው ነው። ከቤት ይዘን እንሂድ እንዳትሉ፣ ሬዚን ተቀጣጣይ ስለሆነ አውሮፕላን ላይ ጣጣ ያመጣል። ስለዚህ ከሁለቱ ቦርዶች ቢያንስ አንዱ የድሮው ዓይነት ይሁን። የወዳጃችን አምስቱም የአዲሱ ዓይነት ናቸው። አምስት ቦርድ ይዞ አንድ እንኳ የሚጠገን የለውም!

«ቦርድ ይሰበራል እኮ» ይለናል። ይሰበራል። ለዚህ ነው አንድ ሳይሆን ሁለት የምንለው። አንድ ቦርድ ብቻ ይዘው በመሄድ የሚኩራሩትንም አንደግፍም፤ እሱም ሌላው ጉራ ነው። ኪራይ አለ የሚሉት ደግሞ ባሊን እያሰቡ ነው፤ እዚያስ እውነታቸውን ነው፣ ባዶ እጅ ሄዶ በየቀኑ መከራየት ይቻላል። ሜንታዋይ ላይ በኪራይ መተማመን ግን የዋህነት ነው። የእኛ መልስ ሌላ ነው፤ አምስት ሰው በሁለት ሁለት አሥር ቦርድ ይሆናል። ክብደታችንና ቁመታችን ተቀራራቢ ነው። ከአንድ ትሪ ጎርሰን፣ ተጎራርሰን ያደግን ሰዎች ቦርድ መዋዋስ እንዴት ያቅተናል?

ሁለት ቦርድ ደግሞ ሁለት ብቻ አይደለም። አውስትራሊያዊው ሳይመን አንደርሰን በ1981 ባለ ሦስት ክንፉን ይዞ ብቅ ካለ ወዲህ የክንፍ ነገር ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኗል፤ ዛሬ ክንፎቹ ተነቃይ ናቸው። አንዱን ቦርድ በትልልቅ ክንፍ ሲጋልቡት ሌላ ጠባይ፣ በትንንሽ ሲጋልቡት ሌላ ጠባይ ያወጣል። ሦስት ዓይነት ክንፍ ካልሲ ውስጥ ይገባል። ኤፍሲኤስ እና ፊውቸርስ የሚባሉት የሁለቱ አምራቾች ክንፎች ግን አንዱ የሌላው ቀዳዳ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ሁለታችሁም፣ አምስታችሁም፣ አንድ ዓይነት ያዙ፤ መፍቻውን ሁለት አድርጉት። ሰሙም ይታሰብበት። እዚህ ቦርዱ እንዳያንሸራትት የምንቀባው ለቀዝቃዛ ውሃ የተሠራው ሰም እዚያ እንደ ቅቤ ይቀልጣል፤ ለሞቃት ባሕር የሚሆነው ጠንካራው አለ።

የሱማትራን ባሕር ለሰርፍ ዓለም ካስተዋወቁት ታሪኮች አንዱ የ1975ቱ የኒያስ ደሴት ጉዞ ነው። ኬቨን ሎቬት፣ ጆን ጋይዝልና ፒተር ትሮይ ላጉንድሪ የሚባለውን የባሕር ወሽመጥ ሲያገኙ ቦርድ የሚያከራይም የሚጠግንም አልነበረም። ጋይዝል ከጉዞው በኋላ ብዙም አልቆየ፤ ወባ አዳክሞት በሕመም አረፈ። የሚያሳዝን ታሪክ ነው፤ ያነሳነውም ሻንጣ ውስጥ ቦታ ማግኘት ያለበት ምን እንደሆነ ስለሚናገር ነው። ኮራል የቧጨረው ቁስል በዚያ ሙቀት ቶሎ ያመረቅዛል። የቁስል ማጠቢያ፣ ፋሻ፣ ሐኪም ያዘዘው የወባ መከላከያ፣ አጎበር፣ የራስ ቁር። የአምስት ቦርዱን ሰው የመድኃኒት ቦርሳ ጠየቅነው። «እናንተ ትይዙ የለ?» አለን።

አገር ቤት ስንሄድ ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ፣ መታጠቢያ ቤት ሚዛን ላይ ሻንጣ አቅፈን እየቆምን ግራም ለግራም የምንጣላ ሕዝብ ነን። ለአክስት የመጣ ጫማ እንዲገባ የራሳችንን ጃኬት የምናወጣ። እዚያ ሻንጣው የሌላ ሰው ነው። ሬሳ ሳጥኑ ውስጥ የታሸገውስ ለማን ነው? ጦሩ ለደፋሩ ሰውዬ፣ አዲሱ ለፎቶው ሰውዬ፣ አጭሩ ለወጣቱ ሰውዬ። እውነተኛው ወዳጃችን የሚጋልበው አንደኛውን ነው፤ እነዚያን ሰውዬዎች እስከዛሬ ውሃ ውስጥ አላየናቸውም።

«የተረፈውን እዚያ ላሉ ልጆች እሰጣለሁ» የሚል መከራከሪያም ሰሞኑን ተጨምሯል። እሰየው! ግን ለመስጠት አምስት መያዝ አያስፈልግም። ከሁለቱ አንዱን፣ ያልተሰበረውን፣ ክንፉንና ገመዱን ጨምሮ በመጨረሻው ቀን መስጠት ይቻላል። እስከዛሬ በብዙ ዳርቻ የሚቀረው ግን ለሁለት የተሰበረ ፎም ነው፤ የማይበሰብስ፣ የሚፈረፍርና የሚበን። እሱን ስጦታ ብለን አንጥራው።

የሚቀረው የገንዘብ ነገር ነው። ሻንጣው ከ32 ኪሎ ካለፈ ብዙ አየር መንገዶች በገንዘብም አይቀበሉትም፤ ስለዚህ አምስቱ ቦርዶች ሁለት ሻንጣ ይሆናሉ፣ ሄዶ መልስ ይከፈልባቸዋል። ፓዳንግ ላይ ከተኮናተርነው መኪና ሌላ ተጨማሪ መኪና ይጠይቃሉ። ይህን ሁሉ ለአምስት እንካፈል ተብለናል። መልሳችን ይህ ነው፤ የሁለት ሁለት ቦርዱን ወጪ እኩል እንካፈላለን፣ ከዚያ በላይ ያለውን ባለቤቱ ይቻል። ጀልባው ላይ ያለው የቦርድ መደርደሪያም ለአሥር ተመትሮ ተከፋፍሏል። እስከ መጪው ቅዳሜ ሐሳቡን ከለወጠ አዲሱን ቦርድ ይዞ እንደተለመደው ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይምጣ፤ ቡና ይዘን እንጠብቀዋለን።